ቤት መምታት

ሠላሳ ሁለት ዓመት አማርኛ ሳስተምር፣
ከጅሬን ተራራ ሥር፣
«ቤት ያልመታ ስንኝ ሜዳ ላይ ነው የሚያድር»
እል ነበር።

ኋላ ወንበር ላይ፣ የአባ ቡልጉ ልጅ ነጂማ፣
እኔን ትታ፣ ጣራው ላይ ዝናቡን ስትሰማ፣
«ቤት ምቺ!» አልኳት አንድ ቀን፣ ሰሌዳው ጋ ቆማ።
«ቲቸር፣ ቤቱ ምን አጠፋ?» አለች።
ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷ ጠመኔውን ይዛ ቆመች።
በዚያ ሴሚስተር ከመቶ አርባ አንድ ሰጠኋት፤ ወደቀች።

ዘንድሮ፣ በሚያዝያ፣ መንገዱ ሊሰፋ፣
ቢጫው እስካቫተር በሄርማታ በኩል አንገቱን ደፋ።
ቀይ ኤክስ ጻፉበት የሳሎኔን ግድግዳ፤
ስንቱን ደብተር እንዲያ ሰርዤ፣ አሁን መጣ የኔ ዕዳ።
ፈረምኩ። ቆርቆሮ ነቀልኩ፣ በር ነቀልኩ፣
የዋንዛ ቁምሳጥኑን ለእህቴ ልጅ አሸከምኩ፣
ከመንገዱ ማዶ ከሰው ጋር ቆሜ ጠበቅኩ።
ማሽኑ እጁን አነሳ፤
አንዴ፣ ሁለቴ፤
በሦስተኛው
ቤት መታ።

አቤት አመታቱ!
ማጀት ከሳሎን ገጠመ፣ ጣራ ከወለል ገጠመ፤
በዕድሜዬ አላየሁም፣ ቃል ሳይወጣው የተፈጸመ
እንዲህ ያለ ግጥም።
አቧራው እጄ ላይ ሲያርፍ ጠመኔ መሰለኝ፤ አላራገፍኩትም።

ፍርስራሹን ሲኖ ጫነው። ድሮ ቢሆን ኖሮ
አዌቱ አፍ ላይ ደፍቶት ይሄድ ነበር ዞሮ፣
ወንዙም በክረምት፣ መንገዱን ሲያጣ፣
በሰው ጓዳ ገብቶ ያድራል፣ እንግዳ ሆኖ ሳይጠራ የመጣ።
ዘንድሮ ግን ቦሳ ጋ ታጥፎ፣ ከቆርቆሮ አጥር ግቢ ገባ፤
ተከተልኩት በእግሬ፤ ሰው ሬሳውን ሳይሸኝ በምን አንጀቱ ይግባ?

የዳውሮ ልጆች የተጣመመ ፌሮ ያቃናሉ፣
ሁለት ሴቶች መስታወት፣ ጨርቅ፣ ሽቦ ይለቅማሉ፣
መፍጫው ኮንክሪቱን እንደ ኮቾሮ ይቆረጥመዋል፤
ጥርሱ የተሰበረ ይመስላል፣ ግን ይውጠዋል።
«ቲቸር!» አለችኝ አንዲት ሴት፣ ከቅንድቧ እስከ ቦቲዋ ነጭ ለብሳ።
ነጂማ ናት።
ያቺን አርባ አንድ ከመቶ እስከ ዛሬ ሳትረሳ።

«ሁለት እጅ የእርስዎ ግድግዳ፣ አንድ እጅ አዲስ አሸዋ፣
ሲሚንቶ፣ ውሃ። ማጠጣቱ ነው ጣጣው።
ለፎቅ ምሰሶ አይሆንም፤ ልዋሽዎ አልፈልግም፤
ለአጥር፣ ለእግረኛ መንገድ፣ ለክፍል ግን አይከዳም።»
«ስንት ቀን ይጠጣል?» «ሰባት።»
ሰባት! ይህንንስ አውቃለሁ፤ ፊደልም የሚቆመው በሰባት።

ግዕዝ ቀን መጣሁ፤ ገና ጭቃ ነው፤ እጅ ቢነካው ይፈርሳል።
ካዕብ ቀን ዳር ዳሩ ነጣ። ሣልስ ቀን ጣት ችሎ ይመልሳል።
ራብዕ፣ ኃምስ፤ ዘበኛው ስሜን ለመደ፣ ወንበር አወጣልኝ።
በሳድሱ፣ ከአንዱ ብሎኬት ጎን አንድ ነገር ታየኝ፤
ጥፍር የምታህል፣ የመኝታ ቤታችን አረንጓዴ፤
ባለቤቴ መርጣው፣ እሷ እስክታልፍ ጠልቼው፣
ዛሬ ምን ይሉታል መውደዴ?
በጥፍሬ ፋቅኩት። እንቢ አለ።
ይዟል።

«የት ሊሄድ ነው?» አልኳት፣ ተስፋዬን ሳልደብቅ፤ «ለትምህርት ቤት?»
«አይ ቲቸር፣» አለች ነጂማ፣ «ለመናኸሪያው ሽንት ቤት።»
ዝም አልኩ። ከዚያ ሳቅኩ፤ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ፤ ሠራተኛው ሁሉ ዞረ።
በሃያ ዓመቱ መታችው፤ ያውም ያልተሰባበረ።

የውሃውን ጎማ በእጄ አስያዘችኝ፤
«ቆመው ከሚስቁ ያጠጡልኝ፤ ሌላ ሥራ አለብኝ።»
አጠጣሁት፣ ከዳር እስከ ዳር፣ አረንጓዴዋን ደግሞ ደግሜ።
ሳብዕ ነገ ነው።