ሰማያዊ ጠመኔ

ሃያ ሁለት ዓመት እዚህ ኮምቦልቻ፣
ሥራዬ ነውር ነው፤ ነውር መፈለግ ብቻ።
ጨርቁ ከመብራት ላይ እንደ ውሃ ሲፈስ፣
ክር የዘለለበት፣ ጠርዙ የሚበጠስ፣
ዘይት የነካካው ሲያልፍ በፊቴ፣
ጠመኔውን ይዞ ይቀድማል ጣቴ።
ለደህናው ጨርቅማ ማን ደሞዝ ይከፍላል?
አንድ እንከን ካመለጠኝ አለቃው ይጮኻል።

እሑድ ግን እሑድ ነው። ነጠላ ለብሼ፣
ከበርበሬ ወንዝ ማዶ በሌሊት ገስግሼ፣
ሦስት ጊዜ አማትቤ፣ መሬቱን ተሳልሜ፣
በስተደቡብ በኩል ከሴቶቹ ቆሜ፣
ዓይኔ ሥራ አልፈታም፤ ፈረቃው አላለቀም፤
የዚያችን ማርፈድ እንጂ መስገዷን አላውቅም።
ያ ልጅ ትናንት ማታ ከግሮሰሪ ወጥቶ
ዛሬ ይኸው ይጸልያል እጁን ዘርግቶ።
የዕቁባችን ጸሐፊ፣ ሒሳቡን ያምታታው፣
ዓምዱን ተደግፎ ያለቅሳል፤ ምን ነካው?

ከሁሉም ይመኙሻል! ከደሴ የምትመጣው፣
በሐረጎ ጠመዝማዛ በሌሊት የምትወርደው፣
ከግንቡ ሥር ቆማ፣ ፊቷን ተከናንባ፣
ዘወትር ከደጅ ናት፣ አንድም ቀን ሳትገባ።
«እትዉ በሰላም» ሳይባል፣ ቡራኬው ሳይደርሳት፣
ሹልክ ትላለች። ምን ይሆን ያስሮጣት?
ጠመኔ ባልይዝም በዓይኔ አስምሬ፣
ጀርባዋን ሞላሁት፣ ነውሯን ቆጥሬ ቆጥሬ።

ሁዳዴ ሲጋመስ፣ በደብረ ዘይት ሰሞን፣
ቄስ አስረስ ዘንድ ሄድሁ ልነግር ኃጢአቴን።
«በይ ልጄ» ሲሉኝ፣ «ያች ይመኙሻል» ብዬ፣
ከዚያ ጸሐፊውን፣ ያን ልጅ አስከትዬ፣
ሳዥጎደጉደው ቆየሁ። ዝም ብለው ሰሙ፤
መስቀሉን ከጉልበታቸው አንስተው ቀስ ብለው ቆሙ።
«ይህ የሰው ዕቃ ነው፤ ባለቤቱ ይምጣና
እሱው ይረከበኝ። ያንቺሳ? በይ እንደገና።»

ከንፈሬን ከፈትሁት። ምንም። አንድ ቃል የለም።
ከተማ ተሸክሜ ራሴን አላመጣሁም።

አንድ ሳምንት ሰጡኝ። ፈልጊ አሉኝ፤ ፈለግሁ፤
በሌሊት ተራዬ፣ ከመብራቱ ሥር ሳለሁ፣
አገኘሁት፦ ተኝቼ ያለፈኝ ጥቅል ጨርቅ፣
በዘይነባ ቁጥር የጻፍሁት፣ ሰው እንዳያውቅ።
የእሷ ደሞዝ ሲቆረጥ እኔ አጽናናኋት።
አጽናናኋት! ሻይም ገዝቼ አጠጣኋት።
ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ጠመኔ አልነካውም፤
እንዲህ ላለው እንከን ሰማያዊ አይበቃውም።

ቄሱም ዘንድ፣ ዘይነባም ዘንድ፣ በእግሬ ሄጃለሁ፤
የተባባልነውን ለእኛ አስቀርቻለሁ።

ይመኙሻል ዛሬም ከግንቡ ሥር ቆማለች፤
ከቡራኬው በፊት ዛሬም ትሮጣለች።
ለምን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም።
ዓይኔም፣ ምን እዋሻለሁ፣ መከተሉን አልተወም።
አርባ አንድ እግዚኦታ በጣቴ ስቆጥር፣
አሥራ ሰባት ላይ ስደርስ ውልብ ትላለች ከበር፤
ስንት ላይ ነበርሁ? ጠፋኝ። ጣቶቼን ዘርግቼ
ከአንድ እጀምራለሁ፣ ጀርባዋን ትቼ።

እግዚኦ መሐረነ።
አንድ።