ጥሎ ማለፍ

ረቡዕ፣ ዘጠኝ ሰዓት። ድሬ በላብ ርሳ፣
ከኒም ዛፉ ጥላ ውሻ እንኳ ላይነሳ፣
ሙሜ ትኬት ቆራጭ ከብረት በሩ ሥር
ጥቅሉን ይዞ ቆሟል፤
ከሸጠው ይበልጣል ያልተቀደደው ቁጥር።

ድሮ፣ በዋንጫ ቀን፣ ባቡር አርፍዶ ያውቃል፤
ነጂው አጥር ወጥቶ ጎል ይጠባበቃል።
ጨርቃጨርቅ ሲያሸንፍ መጋላ አይተኛም፣
ሲሚንቶ ሲሸነፍ ሰው እራት አይበላም።

ዛሬ ሁለቱም ክለብ ተስፋ ቡድን ላኩ፣
ዋነኞቹ ለሊግ ጉልበት እየለኩ።
ሰዉ ዲሽ ቤት ገብቶ ጫቱን ዘርግቷል፤
የለንደን ጨዋታ፣
ድጋሚውን፣ ያያል።

አለቀ። በመለያ ምት።
አንድ ፉጨት፣ ከዚያ የሦስት ሰው ጭብጨባ።

ማታ ዚያድ ባጃጁን ከሙሜ ደጅ አቆመ፦
«አቦ፣ ልጆቹ ከኋላ ወንበር ረስተውት ወረዱ።
ይሄ ነገር የማነው?»

ሙሜ ተቀበለው። አንድ ጆሮው ላልቷል፣
ብሩ ተልጦ መዳቡ ያያል።
ከሆዱ ገራባ አራገፈ፣
በሽርጡ ጫፍ ወለወለው።
«ስሙን አታውቅም እንዴ?» አለ፣
«ጥሎ ማለፍ ነዋ።
ጥለውት አለፉ።»

ዚያድ ሲሄድ፣
ያልተሸጠውን ትኬት ጠቅልሎ ከተተበት።
ልክ ነበር።
እስከ አፉ ሞላ።