ተቀናሽ

ከኮምቦልቻ ጭነን፣ ደሴን በጭጋግ አልፈን፣
ቢጫዋን ተንሳፋፊ ሐይቅ ዳር አራገፍን።
ክብደቷ እንደ ጊደር፤ አናቷ ላይ ሦስት
ነፋስ የሚያዞራቸው ጽዋዎች ያሉባት፤
ጀርባዋ ላይ ደግሞ ፀሐይ ጠጪ መስታወት።

ሙሔ ይመር መጣ፣ የታንኳው ባለቤት፤
ዞሮ ዞሮ አያትና በመቅዘፊያው አናት
እንደሚገዛ ዱባ ኳ ኳ አደረጋት።
«ምን ልትሠራ ነው ይቺ?»
«ነፋስ ልትመዝን።»
«በኪሎ ነው በፈረሱላ?» ብሎ ሳቀብን።

«ነፋስ» አልኩት፣ «ሙሔ፣ ውኃ ላይ ሲነጉድ
ዝም ብሎ አይደለም፤ ቆዳውን ጨብጦ፣
እንደ ነጠላ ጫፍ ጎትቶት ነው የሚሄድ።
ያችን ጉተታ ነው የምንቆጥረው።
ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን ጉተታው አራት ነው፤
ሦስት እጥፍ ቢሆን ዘጠኝ።»
«እሱንስ ክንዴ ያውቃል» አለ፣ «መች አጣው?
ጧት ባንድ እጄ የሄድኩትን መንገድ
ከቀትር ወዲያ ባራት እጅ ነው የምመጣው።»

ድንጋዩን ለቀቅነው። ገመዱ ዘለቀ፣
ዘለቀ፣ ዘለቀ፣ ታንኳው ተጨነቀ፤
ሰማንያ ሜትር ላይ ከጭቃው ታረቀ።

ማታ ሐይቅ ከተማ፣ በኪራይ ክፍሌ ውስጥ፣
ቁጥሯ በስልኬ ገባ፣ ጉድ የሚያስደነግጥ፤
ከደጅ የባሕር ዛፉ ቅጠል አይንቀሳቀስ፣
እሷ ግን «አውሎ ነው» ትላለች፣ «ነፋስ፣ ነፋስ!»

ቆይቶ ገባኝ፤ የቀትሩ ሞገድ አልተኛም ገና፤
ወደፊት ሲጥላት «ነፋስ መጣ» አለችና
ወደ ኋላ ሲስባት «ነፋስ ቀረ» አለች።
ዋሸች አይባልም፤
የደረሰባትን ነገረች እንጂ፣ ቆማ መች አየች?
ለዚህ ነው ሆዷ ውስጥ ሌላ ዕቃ ያለው፣
የራሷን መወዛወዝ ብቻ የሚመዘግብ፤
ከነፋሱ ላይ እሱ ይቀነስና
የተረፈው ነው ነፋስ ተብሎ የሚነበብ።
መቀነሱን ረስቼው ነበር።

ቀነስኩት። ዜሮ ነጥብ ዜሮ ሁለት ቀረ።
ልቤ ግን ከቁጥሩ ውጫሌ ተሻገረ፣
ወንድሜ አራጋው ጋ። ስምንት ዓመት ሙሉ፣
በአንድ ጥማድ መሬት፣ በአባታችን ጓሮ፣
ቁጣውን ስመዝን፣ ለዘመድ፣ ለሽማግሌው ሁሉ
«አውሎ ነው እሱ» ስል፣ ስምል፣ ስገዘት፣
የራሴን አንድም ቀን አልቀነስኩለት።

ጧት አንዲት ጥቁር ወፍ ጽዋው ላይ ተሰይማ
ነፋስን አቆመች። ሙሔ ሊያባርራት
ሲቀዝፍ አብሬው ሄድኩ።
መሐል ላይ ታንኳዋን ሞገድ ሲያላጋት
«ነፋሱን» አልኩት፣ «እንዲህ እየተናጥክ፣
ልኩን በምን ታውቃለህ?»
«ዳሩን አያለሁ» አለ። «ዳሩ አይወዛወዝም።
መጀመሪያ እሱን፤ ነፋሱ ኋላ ነው።
አብሽር፣ ትለምደዋለህ።»

ከታንኳው ሳልወርድ ውጫሌ ደወልኩ።
አነሳው። ቃል የለም።
ስልኩ ውስጥ ነፋስ ነበር፤
ከእሱ ደጅ ይሁን ከእኔው፣ ለመለየት ብዬ
ዓይኔን ወደ ዳሩ መለስኩ።