አራት ሰከንድ

ሲምሪስሃም ከተማ፣ ከስዊድን ጥግ ዳር፣
ከወደቡ ጀርባ፣ የኔ ባንክ ነበር፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ቁልፉን የያዝኩበት፣
ሰው በስሙ ገብቶ፣ በስሙ 'ሚወጣበት።

"ጉንቮር" ይሉኝ ነበር፣ ከመስታወት ወዲያ፣ ባርኔጣ አውልቀው፤
ገንዘብ ቆጣሪ ነኝ፤ ግን ሰው ነው ቆጥሬ የማውቀው።
ማን በብርድ ወስዶ፣ በበጋ እንደሚመልስ፣
ዓይኑን አይቼ ነው፣ መዝገብ ሳልዳስስ።

የሃልቫር አባት ለጀልባው ሞተር ሲሻ፣
"ዋስ አለህ?" አላልኩም፤
መዳፉን አየሁት፣ ገመድ የበላውን፤
ፈረምኩ። አላፈርኩም።

ኋላ ስልክ መጣ።
ወረፋው ሳሳ፣ ወንበሩ ተነሳ፣ ሰዓቱም ወረደ፤
የኔም ስም ከበሩ በካቻቪቴ ተፈትቶ፣ ወደ ካርቶን ሄደ።

ዘንድሮ ልጁ ሃልቫር፣ አዲስ መረብ ብሎ፣
በአውራ ጣቱ ጠየቀ፣ ጀልባው ላይ ቁጢጥ ብሎ።
አራት ሰከንድ።
"ይቅርታ" አለው ስልኩ፤ ምክንያቱን አልነገረው።
እኔ ግን ገባኝ፦
ዓሣውን በጥሬ ገንዘብ፣ በእጅ በእጅ ነው የቸረቸረው፤
ኮቴ የሌለው ሰው፣ ለዚህ ማሽን፣ አልተወለደም።
ላብ ዳታ አይደለም።

"ወይ ዘመን!" ልል ነበር። እርግማኔ ከአፌ ደርሶ፣
ዳቦ ሸተተኝ ከድሮው ደጄ፣ ምላሴን መልሶ።

የሴናዳ ነው ቤቱ። ከቦስኒያ የመጣች ሰሞን፣ ልጇን ታቅፋ፣
ከኔው ፊት ተቀምጣ ነበር፣ ወረቀቷን አጣጥፋ።
"ለምድጃ" አለችኝ፣ በተሰባበረ ቋንቋ።
ዓይኗን አየሁና፣
"አይሆንም" አልኳት፤
ያውም በትህትና።

ያ ፊት የማይለይ፣ አገር የማይጠይቅ፣
የቤት ኪራይዋን፣ የመብራቷን ሂሳብ፣
የስንት ዓመቱን፣ ያለ አንዲት ቀን ዝንፍ ማለት፣
ቆጥሮ፣ ቆጥሮ፣
በአራት ሰከንድ "እሺ" አላት።

ካዝናዬ ከግድግዳው አልነቀል ብሎ፣ ቀርቷል ለብቻው፤
ዱቄት ይጠብቃል፣ ስንዴው ከነአጃው።

አንድ ዳቦ ገዛሁ። ስልኬን አስጠጋሁ፤ ጢው አለ።
ይህንንም ጻፈው፦
ሰዓቱን፣ ዋጋውን፣ ሐሙስ እንደነበረ፤
ሃፍረቴን ግን አላየም፤ እሱ ብቻ ቀረ።

ግማሹን ለሃልቫር ቆረስኩለት፣
አሮጌ መረቡን ሲሰፋ፣ ከወደቡ ዳር።
"ስንት ልክፈልሽ?" አለ።
"ብድር ነው" አልኩት።
ሳቀ፤
የዘረጋው መዳፍ፣ እንደ አባቱ መዳፍ፣ ገመድ የበላው ነበር።