የባሕር ማሽላ

አርባ የአቮካዶ ችግኝ፣ አፈሩ በጥቁር ላስቲክ ታቅፎ፤
ላሚሶ ጀልባውን ገፋ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበት አጥፎ።
እኔ ከኋላ ተቀመጥኩ፣ በችግኞቹ መሐል ታጥፌ፣
የዋርኬን ቅቅል በቆሎ በደብተር ወረቀት ደግፌ።
«ቅጠል እንዳትረግጥ» አለኝ፣ «እግርህን ወደ ራስህ ሳበው፤
አንተ ብትወድቅ ትዋኛለህ፤ የእነሱ ነው የሚያሳስበው።»

ላሚሶ ባሕርተኛ ነበር፤ ምጽዋ ላይ ነጭ የለበሰ፣
ባሕሩ ከእጃችን ሲወጣ ወደ ሐዋሳ የተመለሰ።
«ይሄ ሐይቅ» ይላል፣ «ደግ ነው፤ በር የሌለው ቤት ግን ነው፤
ጥቁር ውኃ ይገባለታል፤ መውጫ ወንዝ ማን ይስጠው?»

መሐል ላይ ሞተሩን አጠፋ። ነዳጅ ይቆጥባል፤ ይቀዝፋል።
ሲቀዝፍ አፉ ይፈታል፤ ከመቅዘፊያው እኩል ያወጋል።
«መኮንናችን ያወራን ነበር፣ ሌሊት ተራ ስንጠብቅ፣
መድፉን ቀንሶ ዛፍ ስለጫነ፣ ለችግኝ ስለሚጠነቀቅ
አንድ የጥንት መርከብ።
የካፒቴኑን ክፍል ለቀቁላቸው፤ መስኮት ቀደዱ ለፀሐይ፤
ሺህ ማሰሮ ተደረደረ፤ ሰው ወርዶ ተኛ አይጥ ላይ።
ወራት ሄዱ፤ ውኃ አነሰ። ለሰው በጣሳ ተሰፈረ፤
ለተክሉ ግን ጠዋት ማታ ይንቆረቆር ነበረ።
አንዱ መርከበኛ በሌሊት፣ ምላሱ እንደ ቁርበት ደርቆ፣
ከቅጠል ጤዛ ሲልስ ተያዘ፤ ተገረፈ ከምሰሶ ተጣብቆ።»

«ለማን ነው ታዲያ?» አልኩት።
                    ቀዘፈ። ዝም አለ። ቀዘፈ።
«ለሸንኮራ ባሮች፤ ከዚሁ ከኛ አህጉር ለተዘረፈ፤
በርካሽ እንዲበላ ብለው፣ በርትቶ እንዲቆርጥ አገዳ።
ደግነት እንዳይመስልህ፤ በሬም ድርቆሽ የሚበላው ለጌታው ሜዳ።
ደረሰ። ተተከለ። አፈራ። እነሱ ግን ፍሬውን አይተው
ለአሳማ ወረወሩት አሉ፤ ‹ይሄን ደግሞ ማን አመጣው?›»

በቆሎዬን ልግጥ ብዬ አፌ ላይ እንዳለ ቆምኩኝ።
አባቴ «የባሕር ማሽላ» ይለው ነበር፤ ያን ስም ሰምቼ አደግኩኝ፤
አልጠየቅኩም፦ የቱ ባሕር? በማን ጫንቃ? በማን መርከብ?
ስሙ ባሕሩን አስታወሰ፤ የረሳው ስንት ጥም፣ ስንት ረሃብ!
በርበሬውም እንደዚያው ነው፤ ስኳር ድንቹም፤ ካሳቫውም፤
ከጓዳችን የማይጠፋ፣ ማንም ግን «እንዴት ገባህ?» አላለውም።
ጥርሴ ላይ አንዲት ፍሬ ፈነዳች፤ ጣፈጠችኝ፤ ጥቂት አፈርኩ፤
ቅቅል ግን ሲበርድ አይሆንም፤ እስከ ቆረቆንዳው ጨረስኩ።

ከጫፍ ያለችው ችግኝ ፀሐይ መቷት አንገቷን ደፋች።
ላሚሶ ሃይላንዱን አነሣ፤ ግማሽ ነች፤ ያለችው ያቺው ነች።
እስኪያልቅ አፈሯ ላይ አፈሰሰው። የራሱ ከንፈር ደርቆ ነጥቷል።
«ሽማግሌው! ሐይቅ ሙሉ ውኃ ከጎንህ እንዲህ ተኝቷል!»
ሳቀ። «ልማድ ነው» አለ። ከሐይቁ ነክሮ ሞላው ኋላ፤
አፉ ጋ አደረሰና ተወው፤ ሰጠው ደግሞ ለሌላ።

ማዶ ስንደርስ ሁለት ሴቶች ቅርጫት ይዘው ቆመዋል።
ላሚሶ እንደ ዘብ ተረካቢ ጮክ ብሎ ይቆጥራል፦
«ሠላሳ ስምንት… ሠላሳ ዘጠኝ…» አርባኛዋ ላይ ዝም አለ፤
ግንዷን በጣቱ ቀና አርጎ፣ «አርባ» ብሎ ሂሳቡን ተቀበለ።
ጀልባውን ጉቶ ላይ አሰረ፤ የመርከበኛ ቋጠሮ፤
አንድም ዓሣ አጥማጅ የማይፈታው፣
ይዞት የመጣው ከዚያኛው ኑሮ።