የአንድ ወገን ላባ

ነገ ነው ውድድሩ፤ ዛሬ መብራት ጠፋ፣
አባይ ማዶ ሁሉ ጨለማ ተደፋ።
አባቴ ግን ሻማ በቆርቆሮ ተክሎ፣
አሥራ ሁለት ዘንግ በረድፍ ደርድሮ፣ ጫፍ ለጫፍ አስተካክሎ፣
«ነይ ያዢልኝ» አለኝ፣
ኩርፊያችንን ሁሉ የረሳ መስሎ።

ሁለት ወር ሆኖናል።
ሠላሳ አንድ ዓመት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የተመላለሰበትን ሳይክል
ሳልነግረው ሸጬ ይህን ባለ ቃታ ቀስት ከገዛሁ ወዲህ፣
ከአንድ ሰሃን በልተን፣ ዓይን ለዓይን ሳንተያይ ተነስተናል።

ላባውን የለቀመው ዓሣ ማራገፊያው ዳር፣
አባ ኮዳ ቆሞ እንደ ዕድር ዳኛ ከሚጠባበቅበት፣
ጀልባ ሲጠጋ የዓሣ ሆድ ዕቃ ከሚጣልበት፣
አንድ ሳምንት ሙሉ፣ ጎህ ሳይቀድ እየተነሳ፣
በእግሩ።

ዘንጉን በብርጭቆ ወረቀት ፈተገ፣
በአረቄ ጠረገ።
«ለዘንጉ ነው» አለኝ፤ አንዴ ግን ጉሮሮውንም ጠረገ።
«ሦስቱም ካንድ ወገን፤ ከቀኝ ክንፍ ከሆነ ቀኝ፣ ከግራም ከሆነ ግራ፤
ከተደባለቀ ፍላጻው አየር ላይ ይጣላል ከራሱ ጋራ።»
«ማን ነገረህ?» አልኩት።
«ክር» አለ። «ክርም እኮ ወደ አንድ ወገን ካልከረረ ይፈታል።
ጆሮ በማሽን ጩኸት ቢደነቁር እንኳ፣ እጅ ግን ይሰማል።»

አንዱን ቀይ ቀባ፣
ቦዩ ውስጥ ወደ ታች የሚተኛውን ላባ።
«አንድ ጠብታ ኮላ። ትንፋሽሽን ያዢ። ቁጠሪ እስከ ስልሳ።»
ጣና በመስኮቱ እርጥብ ትንፋሹን ሲነፋ
እንደገና ቆጠርኩ፣ የቆጠርኩት ሲረሳ።

ዘጠነኛው ላይ ነው
የኔ አውራ ጣትና የሱ ሌባ ጣት ተጣብቀው የቀሩት።
ስስብ «ተይ!» አለኝ፤ «ቆዳሽ ነው የሚላጥ።»
ወንድሜ ይትባረክ ከሰል አያይዞ ውሃ እስኪያሞቅልን
ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ መሄድ ቢያምረንስ፣ ወዴት?
ሻማው ተንጠባጠበ።
«ሳይክሉ ስንት አወጣ?» አለ በድንገት።
«ስድስት ሺህ።»
ዝም አለ። እንደገና ዝም አለ።
«ተበልተሻል» አለ። «ፍሬኑን አዲስ አድርጌው ነበር።»

ያኔ ነው የሳቅነው፣
ወይም አንዳችን ስቀን ሌላችን አልቅሰን፤
በጨለማ ማን ያያል፣
በኦሞ ውሃ ውስጥ ቀስ ብለን ተላቀቅን።

ጠዋት ሲፈትሽ፣ አሥራ ሁለተኛው ላይ፣
ሻማው ሊያልቅ ሲል ከሁለት ቀኝ መሃል የገባ
አገኘ አንድ የግራ ላባ።
«ይሄስ ለእምቦጩ ነው» ብሎ ሐይቁ ዳር ወሰደኝ።
ተኮስኩት።
እንደ ሰከረ ሚዜ እየተንገዳገደ፣
ከደንገሉ በላይ ወደ ግራ ሄደ፤
እምቦጩ መሃል ተሰክቶ ቀረ፣ ቀይ ላባው ወደ ሰማይ።
አባቴ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ቆየ ሲያይ፣
ልክ የኔ ጥፋት ሳይሆን የሱ ልጅ እዚያ እንደቆመች።

አሥራ አንዱን ይዤ መስመሩ ላይ ስቆም
ስም ጠሪው ጮኸ፦ «ባንቺአምላክ እንዳላማው!»
የኔም የሱም ስም፣ በአንድ ትንፋሽ።
አውራ ጣቴ ላይ የደረቀ ኮላ ነበር፤
አልላጥኩትም።