ባዶ ማኅተም

በሳካታ ወደብ፣ በባሕሩ ዳር ሆስፒታል፣
በረዶው መስኮቱን እስከ ወገቡ ውጦታል።
የሌሊት ተረኛ ነኝ፤ ቺጉሳ እባላለሁ፤
ትኩሳት እለካለሁ፣ ግሉኮስ እቀይራለሁ፣
ሐኪም ያለውን ደግሞ ዝም ብዬ እሰማለሁ።

በሰባት ቁጥር ክፍል የተኛው ቶኪዞ
ኖሯል ሃምሳ ዓመት ሙሉ የቅርጽ ቢላ ይዞ፤
አውራ ጣት በምታህል የጎሽ ቀንድ ጫፍ ላይ
ስም ሲቀርጽ ገልብጦ፣ መስታወት እንደሚያሳይ።
ቤት የሸጠ፣ የዳረ፣ ዕዳ የከፈለ፣
በእርሱ እጅ ሥራ ያላተመ ከተማው ውስጥ የለ።
በእኛ ዘንድ ፊርማ ከማኅተም አይበልጥም፤
ሰው ቃሉን ቢያጥፍ እንኳ ቀዩ ቀለም አይለወጥም።

ዶክተር ናሩሴ ግን፣ ውጤቱ በደረሰበት ሌሊት፣
አልጋውን አልፎ ሄደ። በኮሪደሩ ጫፍ፣ የታሸገ ሻይ ከሚሸጠው ማሽን ፊት፣
ድምፁን ዝቅ አድርጎ ልጁን «ካንሰር ነው» አለው፤
ሹንሳኩም ሳንቲሙን በእጁ እንደጨበጠው፦
«ቁስለት ነው በሉልኝ። እውነቱ ነው የሚገድለው።
እናቴ ሰምታ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ አልበላችም፤
ሠላሳ ቀን እንኳ በሕይወት አልቆየችም።»

ቅጹን ያቀበልኩት እኔ ነኝ፤ እኔው፣ በእነዚህ እጆቼ።
ሌላ ሰው አልነበረም። አልጠየቅሁም፣ ፈርቼ።
የአባቱን ማኅተም ከቤት መሳቢያ አምጥቶ፣
የቅጹን ሦስት ገጽ በአንድ ትንፋሽ ገልጦ ዘግቶ፣
ቀዩን ቀለም አጥቅሶ፣ በተንቀጠቀጠ እጁ
«ተስማምቻለሁ» ከሚል መስመር ዳር አተመ ልጁ።
ፍቅር ነው ልበል? ስርቆት? በአንድ እጅ ነበሩ ሁለቱም፤
ሕግ አንዱን ይጽፍ ይሆናል፤ እኔ ግን አየሁ ሁለቱንም።
ደንቡን ብትጠይቁኝማ ወረቀቱ ሙሉ ነው፤
ቀን አለው፣ ሰዓት አለው፤
የጎደለው ሰውየው ነው።

ከጨጓራው ሁለት እጅ በማግስቱ ተቆረጠ።
ሲነቃ፣ ሾርባ በማንኪያ ሦስት ጊዜ ዋጠ፤
አራተኛውን ተወ።
«ለቁስለት» አለ፣ «ይህን ያህል ሥጋ ይወሰዳል?»
ትራሱን ደልድዬ ወጣሁ። ለካ እንዲህም ይዋሻል።

በአሥረኛው ሌሊት «ፋይሉን አምጪ» አለኝ፤
«ስለ እኔ የተጻፈ እንዴት እኔን ከለከለኝ?»
ፊደሉን አላነበበም፤ መነጽሩም አልነበረ፤
ያችን ቀይ ክብ ብቻ ብርሃን ላይ ይዞ መረመረ።
«ቀንዱ የእኔ ነው፤» አለ፤ «ለሠርጌ የቀረጽኩት።
ይህች ጠርዙ ላይ ያለች ስንጥቅ፣ ሰክሬ ነው የጣልኩት።
ስሙም የእኔ። ቀለሙም ከእኔ ሱቅ ነው የወጣ።
ግን ወደ ግራ አዘምሟል።
ይህ እጅ ከየት መጣ?»

ዝም አልኩ። በረዶ ከጣሪያው ሲናድ ተሰማ።
ከዚያ ነገርኩት። ሁሉንም።
የበሽታውን ስም ጭምር፣ በዚያ ጨለማ።
ፈቃድ አልነበረኝም፤ ለአለቆቼም ይህን ብያለሁ፤
የተግሣጹን ደብዳቤ ተቀብዬ አስቀምጫለሁ።

ንጋት ላይ ሹንሳኩ መጣ፣ ሌላ ቅጽ ይዞ፣ የኬሞ፤
አባት እጁን ዘረጋ፣ ልጁ አፉን ሳይከፍት፣ ቀድሞ።
«ማኅተሜን።»
ከእኔ ደግሞ የጥፍር ሞረድ ለመነ። ሰጠሁት።
ጎረምሳ ሳለ የቀረጸውን ስም ፋቀ፣ ፋቀ፣ ፋቀ፤
ግራጫው የቀንድ ዱቄት ብርድ ልብሱ ላይ ወደቀ፤
ልጁ ግድግዳ ተደግፎ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ።
«አትሳቀቅ» አለው፤ «እንድኖር ነው የፈለግኸው፤ ይገባኛል።
ግን ገላዬን ተሸካሚው እኔ ነኝ፤
መጠየቅ ይገባኛል።»

ናሩሴ ወንበር ስቦ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ተቀመጠ፤
ጥቅሙን፣ ጉዳቱን፣ እርሱ ራሱ የማያውቀውንም ገለጠ።
«ሦስት ቀን ስጡኝ» አለ። ሰጡት።
በሦስተኛው ቀን መለሰ።

እሺ ነው? እምቢ ነው?
ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው።
እስከዚህ ያለውን «ንገሪ» ብሎ ፈቅዶልኛል፤
ያችን ለስላሳ፣ ባዶ ቀንድም መዳፌ ላይ ጥሎልኛል።
መልሱ ግን
የእርሱ ነው።